ፀሐይዋን አምኜ የወጣሁ ቀን

ልጆቻችሁ አሜሪካ ያሉ፣ በተለይም «መጥታችሁ ልጅ ያዙልን» ተብላችሁ ሻንጣ የምታዘጋጁ አያቶች፣ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ እያፈርኩ ነው። የማፍረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አያት በመሆኔ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለተማሪ ስለ ነፋስና ስለ አየር ጠባይ ሳስረዳ የኖርኩ የጂኦግራፊ መምህርት በመሆኔ ነው። ያስተማርኩትን ሳላውቀው ኖሬ፣ የተማርኩት በአራት ዓመት ልጅ ጣቶች ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው ረቡዕ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የሚካኤል ዕለት ስለነበር ቀኑን አልረሳውም። ያኔ በኮሎራዶ ግዛት ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ከተማ ልጄ ቤት ነበርኩ። ኦሮራ የአገራችን ሰው የበዛባት ከተማ ናት፤ እንጀራውም ቡናውም ቤተ ክርስቲያኑም አይታጣም። ልጄና ባለቤቷ በፈረቃ የሚሠሩ በመሆናቸው የልጅ ልጄን ቀን ቀን የምጠብቃት እኔ ነበርኩ።

ያን ዕለት ጠዋት ልጄ ወደ ሥራ ስትወጣ ጫማዋን እያሰረች፣ «እማዬ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንዳትወጡ፤ ብርድ ይመጣል» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እሺ ያልኩት ግን እናት ልጇን ለመሸኘት እንደምትለው ነው።

ረፋድ ላይ መጋረጃውን ስገልጠው ሰማዩ ጥርት ብሏል። አላፊ አግዳሚው ካፖርቱን ትቶ በሸሚዝና በስስ ሹራብ ይሄዳል፤ እንዲያውም አንድ ጎረምሳ በቁምጣ ሲሮጥ አየሁ። ቀትር ካለፈ በኋላ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደረሰ። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው የንጋት ብርድ ነው። ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ለከረመና ከዜሮ በታች ለለመደ ሰው ግን፣ በዚያ ላይ ደረቁ አየርና የደጋው ጠንካራ ፀሐይ ሲታከልበት፣ በጋ የገባ ይመስላል። ዴንቨር ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት።

የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ዥዋዥዌ እንሂድ» እያለች ቀሚሴን መጎተት ጀመረች። እኔም በልቤ አሰላሁ። ልጄ ብርድ ይመጣል ያለችው ለማታ ነው አልኩ። በእኛ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥለው ሌሊት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ይለቃል። ፀሐይ እያለች ብርድ እንደሚገባ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼ አላውቅም። ስልኬ ላይ ከጠዋት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። ሳላነበው አጠፋሁትና ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቼው ወጣሁ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን መጫወቻው ቦታ ደረስን። ሕፃኗ የለበሰችው ስስ ሹራብ ነው፤ ጓንትም ኮፍያም አላደረገችም። እኔ በሹራቤ ላይ ነጠላ ደርቤአለሁ። በሸርተቴው ወጣች ወረደች፣ ዥዋዥዌውን ገፋሁላት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጫወትን ውሻዋን ይዛ የምታልፍ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ቆም ብላ አየችን። የሠፈር ሰው ናት፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ወደ ሰሜን በእጇ እያሳየች «ቶሎ ወደ ቤት» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ የሰማዩ ጠርዝ በአቧራ የተሸፈነ ይመስል ደብዝዟል።

እውነቱን ለመናገር አልደነገጥኩም። «አንዴ ብቻ፣ አያቴ» ስትለኝ አንዴ ገፋኋት። ዥዋዥዌው ሳይቆም ነፋሱ ደረሰ። መጀመሪያ ጆሮዬን አመመኝ፤ ከዚያ ዓይኔ አነባ። የዥዋዥዌው ሰንሰለት ከመቅጽበት እንዲህ ስለቀዘቀዘ ሕፃኗ «ነከሰኝ» ብላ ለቀቀችው።

ከዚያ እስከ ቤት የእግር መንገዱ ሩብ ሰዓት ነው። ነጠላዬን አውልቄ በራሷና በጀርባዋ ጠቅልዬ አዘልኳት። አያቶቻችን ያዘሉን እንዲህ ነው፣ እናቷንም ያሳደግኳት እንዲህ ነው፤ ልጅን ከብርድ ለማዳን ከጀርባ የተሻለ ቦታ አለ ብዬ አላስብም። ግን እጆቿ አንገቴ ላይ ተቆላልፈው ፊት ለፊት ለነፋሱ ተጋልጠው ነበር። እኔ የማየው መንገዱን እንጂ እጆቿን አልነበረም። ደቃቅ በረዶ ፊታችን ላይ እየተወቀጠ ሄድን። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ዝም አለች። «ተኛች» ብዬ ተጽናናሁ። ዝምታዋ እንዳልነበር የሚያጽናና ያወቅሁት ቤት ገብቼ ሳወርዳት ነው። የሦስት ጣቶቿ ጫፍ ነጭ ሆኖ፣ ስነካው እንደ ሻማ ደንድኗል። «አያቴ፣ ጣቴ የለም» አለችኝ።

ማሞቂያው ላይ ልለጥፋት፣ በመዳፌም ላሻት ስል በሩ ተከፈተ። ልጄ ትንበያውን ስላልተማመነችብን አስፈቅዳ ቀድማ መጥታለች። «እማዬ፣ አትሺያት! እሳት አታስጠጊያት!» ብላ ጮኸች። ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አዘጋጀች፤ ውኃውን በክንዷ ሞከረችውና የልጇን እጅ ነከረችው። ሲቀዘቅዝ እየቀየረች ያዘችላት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ጣቶቿ መቅላት ሲጀምሩ ሕፃኗ በሕመም ጮኸች። እኔ ደግሞ ስትጮህ ስሰማ ያለቀስኩት በደስታ ነው። ሐኪም ቤት በስልክ አማከሩ፤ ስሜቱ ስለተመለሰና ቆዳው ስላልጠቆረ ጉዳቱ ላይ ላዩን ብቻ እንደሆነ ነገሯቸው። በሁለት ቀን ዳነች።

ያን ዕለት በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የተመዘገበውን በማግሥቱ በዜና ሰማሁት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ 5 ተኩል ገደማ ከነበረበት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ወረደ። ይህ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። በማግሥቱም ከዜሮ በታች 31 ደረሰ፤ እንዲህ ያለ ብርድ ዴንቨር ካየች ከ30 ዓመት በላይ አልፏት ነበር። እኔ ዥዋዥዌ የምገፋው ያቺ ሰዓት ስትጀምር ነው።

ማታ ሕፃኗ ከተኛች በኋላ ልጄ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ፣ ነግሬሽ ነበር» አለችኝ ብቻ። «ብርድ ይመጣል ነው ያልሽኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ዲግሪ ይወርዳል ብልሽ ታምኚኝ ነበር?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። አላምናትም ነበር።

ቆላና ደጋው ቤት ድረስ የሚመጣበት አገር

ከዚያ በኋላ ነው ያስተማርኩትን እንደገና የተማርኩት። በእኛ አገር ሙቀትና ብርድ የሚለያየው በከፍታ ነው። ሙቀት የፈለገ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ብርድ የፈለገ ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል። ቆላው ቆላ፣ ደጋው ደጋ ሆኖ በቦታው ይቆያል፤ ሰው ነው ወደ እሱ የሚሄደው። በአሜሪካ መሐል ባለው በታላቁ ሜዳ ግን ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቆላውና ደጋው ይመጡበታል።

ሜዳው ከካናዳ ተነሥቶ እስከ ቴክሳስ ይዘልቃል። በስተምዕራቡ የሮኪ ተራሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግተዋል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተጋድሞ የሰሜኑን ብርድ የሚያግድ ተራራ ግን የለም። ስለዚህ ከዋልታው አካባቢ የሚነሣው ከባድና ቀዝቃዛ አየር መሬት ለመሬት እየተሳበ ያለ ከልካይ ወደ ደቡብ ይፈስሳል። የአየሩ ፊት በደረሰበት ቦታ ሁሉ የነበረው ሙቀት ወዲያው ያበቃል።

ሙቀቱን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ደግሞ ሌላ ነፋስ ነው። ከምዕራብ የመጣ አየር ተራራውን ሲወጣ እርጥበቱን በዝናብና በበረዶ መልክ እዚያው ያራግፋል። ከዚያ ደርቆ ወደ ሜዳው ሲወርድ፣ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ወደ 10 ዲግሪ እየሞቀ ይመጣል። ይህ ነፋስ «ቺኑክ» ይባላል፤ የአገሩ ሰው ደግሞ «በረዶ በላ» እያለ ይጠራዋል፤ አንድ ክንድ በረዶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲያቀልጠው ይታያልና። የሁለቱ ነፋሶች ድንበር የሚያልፈው በሰው ሠፈር ላይ ሲሆን ነገሩ ለጆሮ የማይታመን ይሆናል። በደቡብ ዳኮታ ስፒርፊሽ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1943 ጠዋት፣ ሙቀቱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ከነበረበት ወደ 7 ዲግሪ ወጣ። በኋላም 12 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ በ27 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ከዜሮ በታች 20 ወረደ።

እንግዲህ በዚያ አገር በክረምት አጋማሽ የሚመጣ ሙቀት ክረምቱ መውጣቱን አያመለክትም። ነፋሱ ለጊዜው ከየት በኩል እንደሚነፍስ ብቻ ነው የሚናገረው። ፀሐይዋም ብትሆን እንደ እኛዋ አይደለችም። ከዜሮ በታች 20 ሆኖ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ትወጣለች፤ ታበራለች እንጂ አታሞቅም።

ካፖርታቸውን ቤት የተዉ ልጆች

ያቺ ውሻ የያዘችው ጎረቤታችን ከጥቂት ቀን በኋላ ሕፃኗን ልትጠይቅ መጣች። ቡና አፍልቼ ተቀመጥን፤ ልጄ እያስተረጎመች አወጋን። ኔብራስካ ውስጥ ነው ያደገችው። «አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ የእኛም ወላጆች ተታልለዋል» ብላ አንድ ታሪክ አነሣችልኝ። ታሪኩ በአገሩ የታወቀ ነው፤ በኋላ እኔም አንብቤዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 1888 ነው። በዳኮታና በኔብራስካ ሜዳ ለቀናት ከባድ ብርድ ከቆየ በኋላ ያን ዕለት ጠዋት አየሩ ለብ አለ። ገበሬው ከብቱን ለቀቀ። ልጆችም ካፖርትና ጓንታቸውን ቤት ትተው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ያ የበረዶ ውሽንፍር የደረሰው አንዳንዱ ቦታ ተማሪዎች ትምህርት ቤት እያሉ፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ወደ ቤት በሚለቀቁበት ሰዓት ነበር። በረዶው እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለነበር ሰው የገዛ እጁን ማየት አቃተው። የሞተው ሰው 235 ገደማ እንደሆነ ይገመታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ የጠፋባቸው ልጆች ናቸው። በኔብራስካ ሚኒ ፍሪማን የምትባል ወጣት መምህርት፣ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ነፋስ ሲገነጥለው፣ ተማሪዎቿን አስከትላ በአቅራቢያው ካለ የገበሬ ቤት አድርሳቸዋለች። ያ ቀን እስከ ዛሬ በልጆቹ ስም ይጠራል።

እኔን ያሳዘነኝ የልጆቹ መሞት ብቻ አይደለም። እናቶቻቸው ያን ጠዋት ያደረጉት እኔ ያደረግሁትን ነው። ሰማዩን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ «ዛሬ ይልበስ አይልበስ» ብለው ወሰኑ። ያኔ በሬዲዮም በስልክም የሚያስጠነቅቃቸው አልነበረም። እኔን ግን ልጄም፣ ስልኬም፣ ጎረቤቴም ነግረውኛል።

ሙቀቱም ብርዱም የየራሳቸው አደጋ አላቸው

ጎረቤታችን ሌላም ነገረችኝ። ከእኔ ታሪክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ፣ የዴንቨር አካባቢ ያለ ልማዱ ሞቆና ደርቆ ነበር። የመጀመሪያው በረዶ የጣለው ታኅሣሥ 10 ነው፤ መዝገብ መያዝ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ የዘገየበት ዓመት የለም። ታኅሣሥ 30 ቀን ከተራራው የወረደ ብርቱ ነፋስ በዚያ በደረቀ ሣር ላይ የተነሣ እሳትን አዛመተው። ሱፒሪየርና ሉዊቪል በሚባሉት ከተሞችና በአካባቢያቸው በአንድ ቀን ከ1,000 በላይ ቤቶች ነደዱ። በማግሥቱ በረዶ ጣለ። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ቤተሰቦች አመዱን ሲጎበኙ በበረዶ ተሸፍኖ ነው ያገኙት።

ብርዱ ሲገባ ደግሞ ለእኛ ሰዎች አንድ የተለየ አደጋ አለ፤ ይኸውም ከሰል ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የሰሜኑ ብርድ እስከ ቴክሳስ ወርዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው። ለመሞቅ ብለው ቤት ውስጥ ከሰል ያቀጣጠሉ፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሡ ሰዎች በጭሱ መርዝ ሞተዋል፤ ከአገራችን የሄዱ ቤተሰቦችም ነበሩባቸው። በእኛ አገር ቤቱ ያስተነፍሳል፤ የእነርሱ ቤት ግን ብርድ እንዳይገባ ተብሎ የታሸገ ነው። ለቡና የለመድነውን የከሰል ምድጃ እዚያ ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ራስን ከነልጅ መቅበር ነው። መርዙ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያስተውለው ሊወስደው ይችላል።

ለምትሄዱ አያቶች

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ።

ሕፃኑን የማለብሰው አሁን ለሚታየው አየር ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ለሚጠበቀው ነው። አንድ ወፍራም ልብስ ከማልበስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል፤ ሲሞቅ አንዱን ማውለቅ ይቻላልና። ጓንት፣ ኮፍያና ትርፍ ካልሲ ግን ፀሐይ ቢወጣም ባይወጣም ቦርሳዬ ውስጥ አሉ። ሕፃን ካዘላችሁ እጁንና እግሩን እዩ። መኪና ውስጥ ደግሞ በወንበሩ ቀበቶ ሥር ወፍራም ካፖርት አታልብሱት፤ ቀበቶው ስለሚላላ ግጭት ቢፈጠር አይይዘውም። በቀበቶው ላይ ብርድ ልብስ ደርቡበት።

ነፋስን አትናቁ። ከዜሮ በታች 15 ሆኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ በቆዳ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 27 ነው፤ ያልተሸፈነ ጣት ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ሕፃኑ ማልቀሱን ቢያቆም «ተሻለው» አትበሉ፤ የደነዘዘ ጣት አያምም። ቆዳው ነጭ ሆኖ ከደነደነ አትሹት፣ በበረዶም አትዳብሱት፣ ማሞቂያ ላይም አታስጠጉት፤ አይሰማውምና ይቃጠላል። ለክንድ ለብ ባለ ውኃ አሙቁት። ስሜቱ ካልተመለሰ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ከጠቆረ በፍጥነት ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ። የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ካልቻላችሁ ፎቶውን ለልጃችሁ ላኩለት።

ለልጆቻችን

ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። «አትውጡ» ብላችሁ አትሂዱ። እናትና አባታችሁ ሲያሳድጓችሁ «አትውጣ» ብለው ያዘዙ ሰዎች ናቸው፤ ትእዛዝ በቀላሉ አይገባንም። ከዚህም በላይ የምናስበው በምናውቀው አገር ነው፤ «ብርድ ይመጣል» ስትሉን የሚታየን የእንጦጦ ሌሊት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ንገሩን፣ ቁጥሩን ንገሩን፣ ምክንያቱን ንገሩን። «10 ሰዓት ላይ ከሰሜን ነፋስ ይነሣል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ዲግሪ ይወርዳል፣ ፀሐይዋ አታድናችሁም» ብትሉን ቢያንስ ስልካችንን ይዘን እንወጣለን። ጓንቱንም ከመሳቢያ አውጥታችሁ በሩ ላይ ስቀሉልን።

ከልጄ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ሦስት ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፍልኝ ጀመር፤ የቀትሩን ሙቀት፣ የማታውን ሙቀትና ለውጡ የሚገባበትን ሰዓት። እኔም ወረቀቱን ሳላይ መጋረጃ አልገልጥም። በጥር አየሩ እንደገና ለብ ሲል፣ ጎረምሶቹም በቁምጣ ሲሮጡ፣ የልጅ ልጄ ጫማዋን ይዛ መጣች። ዥዋዥዌው ትዝ ብሏታል። ወረቀቱን አነበብኩት፤ ለውጡ የሚገባው በማግሥቱ ነበር።

«ዛሬ እንሄዳለን» አልኳት። ጓንቶቿን ከበሩ አንሥታ ራሷ ካደረገች በኋላ የእኔንም አመጣችልኝ።